ለሁሉም አዎ ያለው ኩሬ

ተቀመጡ። ከኋላ የቆማችሁም ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በጩኸት የሚነገር አይደለም፤ እኔም ጉሮሮዬን አሞኛል። አንቺ ደግሞ ልጅሽ ቢያለቅስ አትሸማቀቂ። እሱ ያልቅስ፣ እኛ እንሰማለን።

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራውም። ታሪኩን ይናገሩ ብላ ስትፈቅድልኝ፣ ስሜን ግን ይተዉት ብላኛለች። አገሯ ቆላ ነው፤ ጨዋማ ሐይቅ አጠገብ ያለች፣ ሙቀቷ ሰው የሚያዝል ትንሽ መንደር። ይህች ሴት አንድ ልጅ ነበራት፣ ጌጡ የሚባል፣ ለትዳር የደረሰ ጎበዝ። እሱን ደራሽ ወሰደባት።

ደራሽ ምን እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቃል። እናንተ የከተማ ሰዎች ግን ስሙኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የወንዙ አሸዋ ደርቋል፣ ሰው በመሃሉ እየተራመደ ይሻገራል። ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ደጋ ላይ ነው። ድንገት ከላይ ግንድና ድንጋይ ያዘለ ውሃ እየተንከባለለ ይመጣል። ጌጡ ያኔ መሃሉ ላይ ነበር።

በማዶው ዳር አንድ ሰው ቆሞ ነበር፣ ዘርጋው ይባላል። ዘርጋው በመንደሩ የአንድ ፕሮጀክት ቤት ጠባቂ ነው። ከጌጡ ጋር ተቀያይመው ነበር፤ የጌጡ በሬዎች የዘርጋውን በቆሎ በልተው፣ ተሰዳድበው፣ ዱላ እስከመማዘዝ ደርሰው ነበር። እናቲቱ ታዲያ ምን አለች? ደራሹ ሲመጣ አይቶ፣ ልጄንም አይቶ፣ ዝም አለ አለች። ዘርጋውም በበኩሉ፣ ጮኼያለሁ፣ ካልጮህኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለ። ከጌጡና ከዘርጋው በቀር ሌላ ያየ ሰው የለም። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ሞቷል።

እንግዲህ በምን ይታወቅ? ማን ይመስክር? እናንተ ብትሆኑ ማንን ትጠይቁ ነበር?

ዓመቱ ሞላ። ዘመድ ተሰብስቦ ከሏን ሊያስወልቃት መጣ። አዲስ ነጠላ ገዝተው፣ ፀጉሯን ሊሠሯት ቅቤ ይዘው መጡ። እሷ ግን እምቢ አለች። እውነቱ ሳይወጣ ከሌን አላወልቅም፣ ከነከሌ ቅበሩኝ ብላ ነጠላውን ጥላቸው ወጣች። ሽማግሌ ለመናት፣ እምቢ። የንስሐ አባቷ መምሬ አስረስ መከሯት፣ እምቢ። ከዚያ መምሬ አስረስ ራሳቸው ታመው ለሕክምና ከተማ ወረዱና መንደሩ ያለ ቄስ ሰነበተ።

ከመንደሩ ዳር፣ ከፕሮጀክቱ ቤት በታች፣ ኩሬ አለ። ጠበል አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም ቄስ ያልባረከው፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ከብት ጨው ብሎ የሚልሰው ጨዋማ ኩሬ ነው። እኔ ጠበልን ልነቅፍ አልቆምኩም። በጠበል የተፈወሰ ሰው እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፣ አውቀዋለሁ። የማወራው ስለ ኩሬ ነው።

በዚያ በጋ ኩሬው ጎድሎ ጎድሎ ስፋቱ ከአንዲት ጎጆ ወለል አይበልጥም ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላዋን ልታጥብ ወረደች። ስትደርስ ውሃው ይፈላል። ከሥር ከድንጋዮቹ መካከል ቀጭን ቀጭን አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ እሽሽሽ ይላል። ፈርታ ቆመች። ከዚያ እጇን ነከረች። ቀዝቃዛ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷም አይታ አታውቅም። ዙሪያዋን ስታይ ሌላም ነገር አስተዋለች። ወትሮ ሰው ሲቀርብ ዘለው የሚገቡት እንቁራሪቶች የሉም። ትናንሽ ተባዮች ሞተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። በዳሩ ያለው ሣር እስከ ሥሩ ነጭ ሆኗል፤ ደርቆ ሳይሆን ቆሞ ነው የነጣው። ወፍ እንኳ አይሰማም።

ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ያዘነች እናት ግን አትሮጥም፣ ትጠይቃለች። ተንበረከከች። ጌታዬ፣ ዘርጋው ልጄን አይቶ ዝም ብሎ ከሆነ በዚህ ነጠላ ምልክት አሳየኝ ብላ ጥቁሩን ነጠላ ድንጋይ አስራበት ውሃው ውስጥ ሰደደችው። እዚያው ዳሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፀሐይ እየከረረች ስትሄድ አረፋውም እየበዛ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ጎትታ አወጣችው። ጥቁሩ ጥቁር አልነበረም። ጫፉ የደረቀ ደም መስሏል፣ መሃሉ ነጭ ሆኗል፤ የሰው መዳፍ የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ነጭ።

ነጠላውን ከፍ አድርጋ ይዛ በመንደሩ መሃል ሄደች። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። ተናገረ፣ ውሃው ተናገረ ብቻ ነው ያለችው። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሲነኩት እጃቸውን ያሟልጫል፣ ሲያሸቱት ደግሞ ሽታ አለው።

እስቲ ቆይ እዚህች ላይ። ምን ምን የሚሸት ይመስላችኋል? በረኪና ነዋ! በመንደሩ በረኪና የማታውቅ ሴት አለች? ሱቅ የለም እንዴ? የገበያ ቀን እየገዙ ነጭ ልብስ የሚያጥቡበት አይደለም እንዴ? አፍንጫ ያለው ሁሉ አውቆታል። ግን ማን ይበለው! ምልክት ወረደ ተብሎ ሰው ሁሉ መሬት ሲስም፣ ኧረ ይሄ ነገር በረኪና በረኪና ይላል ብሎ ማን አፉን ይከፍታል? እምነት የለሽ መባል አለ። የዘርጋው ወገን መባል አለ። ሁሉም አሸተተ፣ ሁሉም አማተበ፣ ሁሉም ዝም አለ። ከብቶቹ ብቻ እምቢ አሉ። ወደ ውሃው ሲነዷቸው አሽትተው ያናፉና ይመለሳሉ። ከብት ያልደፈረውን ውሃ ሰው ሰገደለት።

በማግስቱ ሌላዋ ሴት ወረደች። ከዚያ አንዱ ባል፣ ከዚያ አንዱ ወንድም። በጥቁር ጨርቅ ብጣሽ ነው የሚጠየቀው ተባለ። ከሱቅ ጥቁር ጨርቅ አለቀና ሰው የጃንጥላውን ልብስ ይቀድ ጀመር። ሁሉም ለብቻው ይወርዳል፣ የሚጠይቀውን በልቡ ይጠይቃል፣ ብጣሹን ይነክራል፣ ይጠብቃል፣ ነጥቶ ሲያገኘው ጨብጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ምን ጠየቅህ ቢሉት ሆድ ይፍጀው ይላል።

ያቺ ምራቴ ቤቴን እየመዘበረች ነው ወይ? አዎ። ጎረቤቴ ነው ወይ ላሜን ያስመታብኝ? አዎ። ሚስቴ ትዋሸኛለች? አዎ። አንዲት ምራት ልብሷ ተጠቅልሎ ተሰጥቷት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፣ ምን አጠፋሁ ብላ ጠይቃ የመለሰላት የለም። ሁለት ወንድማማቾች አንድ መሶብ መቅረብ ተዉ። ሰው በመንገድ ሲተላለፍ ጤና ይስጥልኝ ይባባላል፣ ዓይን ለዓይን ግን አይተያይም። ውሃው ደግሞ ከፀሐይ ጋር ይነሣል፣ እሽሽሽ ይላል፣ ከፀሐይ ጋር ይተኛል።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ከመንደሩ አንድ ሰው እንኳ አይደለም የሚል መልስ አግኝቶ ያውቃል? አንድ ብጣሽ እንኳ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል? ይህንን ደግሞ ያሰበበት የለም። የፈለጉትን መልስ ያገኙ ሰዎች ለምን ያስባሉ?

የዘርጋው ነገር ግን በዚህ አልቆመም። የጌጡ ዘመዶች ቀስቃሽ አጡ እንጂ ደም ሊመልሱ ተዘጋጅተዋል። ሽማግሌው አቶ ንጋቱ ደም እንዳይፈስ ብለው አንድ ዳኝነት አመጡ። ዘርጋው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ምሏል። እንግዲያው ዓይኑ ይመስክር አሉ። ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ውሃው ሲነቃ፣ ሕዝቡ ባለበት ይግባ፤ ዓይኑን ገልጦ ይጥለቅ፣ በቃህ እስኪባል ከሥር ይቆይ። ዓይኑ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ንጹሕ ነው። ቀልቶ፣ ታውሮ ከወጣ ውሃው ፈርዶበታል፣ ካገር ይውጣ።

ወገኖቼ፣ በረኪና ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የጠለቀ ሰው ዓይኑ ምን ይሆናል? እናንተ ብትገቡስ? እኔ ብገባስ? ጻድቅ ቢገባስ?

ዘርጋውስ ምን አለ? እሺ አለ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። እሺ ነው ያለው። ለምን እንዳለ ኋላ ትሰማላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የዘርጋው ሚስት ወርቄ ወደዚያች እናት ቤት መጣች። ልትለምናት ነው ብላ ሴትዮዋ በሩን ልትዘጋባት ነበር። ወርቄ ግን አልለመነቻትም። ደጃፉ ላይ ቆማ ይህን ብቻ ተናገረች።

«እኔ እንኳን ውሃው ያለውን አላውቅም። የማውቀው ከአልጋዬ ያለውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንቅልፉ ይጮኻል። ጌጡ ውጣ፣ ጌጡ ውጣ እያለ ይጮኻል። እጁን ይዤ ነው የማነቃው።»

ይህን ብላ ሄደች። ሴትዮዋ በሩን ሳትዘጋው ቀረች። ጆሮዋ ውስጥ ያ ጩኸት ገባባት። እሷም ሌሊት ሌሊት የምትሰማው ድምፅ ነበራ! እስከዛሬ ለማንም ያልነገረችው ድምፅ። ያን ቀን ጠዋት ጌጡ አሞኛል፣ ዛሬ ይቅርብኝ፣ በሬዎቹን ነገ ላምጣቸው ብሏት ነበር። እሷ ምን አለችው? አንተ ሰነፍ፣ እንደ አባትህ ሰነፍ ብላ፣ በትሩን እጁ ላይ ወርውራ ላከችው። ተነሥቶ ሄደ። የመጨረሻ ቃሏ ያ ነው።

እንግዲህ ምን አደረገች? ከል ቀሚሷን ጫፉን ቀደደች። ወደ ኩሬው ወረደች። ሰው የለም፣ ፀሐይ ወጥታ ውሃው መፍላት ጀምሯል። ከዚያ ዓመት ሙሉ ዘርጋው ላይ ስታዞረው የከረመችውን ጥያቄ ወደ ራሷ አዞረችው። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ አለችው ውሃውን።

ነከረች፣ ጠበቀች። እሷ ስትነግረኝ፣ አባቴ፣ በዚያች ሰዓት ጥቁር ሆኖ ይውጣ ብዬ ለመንኩ፤ ነጭ ሆኖ ይውጣም ብዬ ለመንኩ ነው ያለችኝ። ወጣ። ነጭ ነው።

እንግዲህ እኩለ ቀን ደረሰ። መንደሩ በሙሉ ኩሬውን ከቧል። አረፋው ከወትሮው ብሷል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ይዟል። ዘርጋው ሸሚዙን አወለቀ። ወርቄ ፊቷን ወደ ዛፍ አዙራ ቆመች። አቶ ንጋቱ ዳኝነቱን ደግመው ተናገሩ። ዘርጋው አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አደረገ።

ያኔ ሴትዮዋ ወደፊት ወጣች። ሁለት ነጭ ብጣሾች ይዛለች፤ አንዱን ከዚያ ከነጣው ነጠላ መሃል ቀድዳዋለች። አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላው እጅ አድርጋ ወደ ሕዝቡ ዘረጋቻቸው።

«ይህ ስለ ዘርጋው የጠየቅሁት ነው። ይህ ስለ ራሴ የጠየቅሁት ነው። ልጄን ማነው የገደለው ብዬ ስለሁለታችንም ጠይቄያለሁ። ታሞ ሳለ ሰድቤ የላክሁት እኔ ነኝ። አቶ ንጋቱ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ የትኛው የሱ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ ይለዩልኝ። ከለዩት እሱ ይግባ። ካልለዩት አብረን እንገባለን።»

አቶ ንጋቱ ተቀብለው አዩ። አገላበጡ። ለአጠገባቸው ሰው ሰጡ፣ እሱም አየ፣ ለሌላው ሰጠ። ብጣሾቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ማንም አልለያቸውም። ያ አረፋ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ከሰዎቹ መሃል አንዲት ባልቴት ቀስ ብላ ከጡቷ ሥር አንድ ነጭ ብጣሽ አወጣችና መሬት ላይ ጣለች። ያቺ ምራቷን ያባረረችው ናት። ቀጥሎ አንዱ ወንድም ከኪሱ አወጣ። ሌላው ወንድሙ ከማዶ ቆሞ አየው፤ እሱም አወጣ። እያንዳንዱ እየወጣ ጣለ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በዚያ ሜዳ ላይ ያልከሰሰ ሰው አልነበረም፤ በሌላ ሰው ብጣሽ ያልተከሰሰም አልነበረም። በመጨረሻ አቶ ንጋቱ ራሳቸው ከካፖርታቸው ውስጥ አወጡ። የማንን ስም እንደጠየቁበት እስከዛሬ አልተናገሩም። ሚስታቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አጠገባቸው ቆማ አታውቅም ይባላል።

ሰው እዚህ ላይ ነው የፈራው። ውሃው ሲፈላ አልፈራም፣ ሣሩ ሲነጣ አልፈራም፤ እነዚያን ብጣሾች መሬት ላይ ተቆልለው ሲያይ ግን ፈራ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። በዚያ በጋ ብርቅ ነው። አረፋው ቀነሰ። ተወ። እሽሽታው ጠፋ፣ ውሃው ዝም አለ፣ ጠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን ሥሩ ታየ። ከድንጋዮቹ መካከል ሁለት ዝርግ ብረቶች ተጋድመዋል። አንዱ ንጹሕ ነው፣ ሌላው ነጭ ነገር ጋግሮበታል። ከብረቶቹ ሁለት ሽቦዎች ወጥተው፣ በሣሩ ሥር ተደብቀው፣ ወደ ፕሮጀክቱ ቤት ጣሪያ ይሄዳሉ። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ።

ዘርጋው አጎንብሶ አየ። ከዚያ ዳሩ ላይ ቁጭ አለ። ይህ የኔ ሽቦ ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ አምጥቶ ነበር። ጨው ያለበት ውሃ በባልዲ ይደረጋል፣ ሁለቱ ብረቶች ይነከራሉ፣ ከሶላሩ ኮረንቲ ይለቀቃል። ኮረንቲው ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ውሃውም ጨውም እንደነበሩ አይቀሩም። በአንዱ ብረት በኩል አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ከጨው ውስጥ ክሎሪን ይወጣል፣ ያ ከውሃው ጋር ሲዋሐድ በረኪና ነው። ጠብታዋ በእንስራ ውሃ ላይ ስትደረግ በሽታ ትገድላለች፣ መልካም ነገር ናት። ፕሮጀክቱ አልቆ ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ዕቃው በጎጆው ቀረ። የዘርጋው ፍየሎች ሽቦውን አኝከው ልጠውት፣ ጫፍና ጫፉ ሲነካካ እሳት ይተፋ ጀመር። ጣሪያው ሣር ነው። ዘርጋው እሳት በውሃ ይጠፋል ብሎ አሰበ። ብረቶቹን ከነሽቦው ወስዶ ጥልቁ ኩሬ ውስጥ ከተታቸው፣ ድንጋይ ጫነባቸው፣ ተገላገልኩ ብሎ ረሳቸው። ያኔ ክረምት ነበር፤ ኩሬው ሰፊ፣ ውሃው ድፍርስ፣ ጨው የቀጠነበት። በጋ መጥቶ ውሃው ሲጎድል፣ ጨው ሲበረታ፣ ፀሐይ ስትከር፣ ያ የማይታይ ነገር ቀን ቀን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ ኋላ ባለሙያ መጥቶ አስረዳቸው። ያን ዕለት ግን ሴትዮዋ ስለ ሽቦው አልጠየቀችም። ደመናው ሳያልፍ፣ ዘርጋው ሸሚዝ እንደሌለው ዳሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ፊት ለፊቱ ሄዳ ቁጭ አለች።

«ዘርጋው፣ አንተን ራስህን ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ልጠይቅህ ነው። ጮኸሃል?»

ዓመት ሙሉ! ሰውን ሁሉ ጠይቃለች፤ ሽማግሌ ጠይቃለች፣ ዘመድ ጠይቃለች፣ ኩሬ ጠይቃለች። ሰውየው ደግሞ የወንዙ ማዶ ነው ቤቱ።

«ጮኼያለሁ የጌጡ እናት» አለ። «ግን ወዲያው አይደለም። ደራሹን ሳየው፣ ትንሽ ይደንግጥ ብዬ ለአንዲት ትንፋሽ ዝም አልኩ። ይደንግጥ ነው ያልኩት፣ ይሙት አላልኩም። ከዚያ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ። ውሃው ቀደመኝ። ሲከሱኝ እሺ ያልኩት ለዚያች ትንፋሽ ነው።»

ይህንን ውሃው ሊናገር ይችል ነበር? አንዲት ትንፋሽ ዝም ብሎ፣ ከዚያ ጉሮሮው እስኪደማ የጮኸን ሰው በነጭ ጨርቅ እንዴት ይነግሩታል? ይህ የሚወጣው ከሰው አፍ ብቻ ነው፣ እሱም ሲጠይቁት።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ቁጣ ነበር እንጂ ለቅሶ አልነበረኝም ነው ያለችኝ። ዘርጋውም አጠገቧ አለቀሰ። ወዲያው ይቅር ተባባሉ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፣ አሁንም አንዳንድ ቀን ያቅታታል። ግን ትጠራዋለች፣ ይመጣል፣ ልጇን እንዴት እንዳየው ይነግራታል። ያቺ ምራት ግን ሽማግሌ ተልኮባት እንኳ አልተመለሰችም። ሁሉ ነገር አይጠገንም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ ዛሬ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው አለ፤ አውቃለሁ። ስለ ሰው ነው ጥያቄው። ወንድሜ ነው ወይ ያጠፋኝ? ጓደኛዬ ነች ወይ ስሜን ያጎደፈችው? ጸሎት ይመስላችኋል፣ ተንበርክካችሁም ይሆናል። ግን ስትጠይቁ በልባችሁ ሥር ምን እየሠራ ነበር? መልሱን ከላይ ነው የጠበቃችሁት ወይስ ከዚያ ሥር ካስቀመጣችሁት?

የተጎዳችሁ አትሸማቀቁ። ጨው የሌለው ውሃ ኮረንቲ በቅጡ አያሳልፍም፤ የተጎዳ ልብም እንዲሁ ነው፣ እንባ ስላለበት የላኩበትን ሁሉ ያሳልፋል። ማዘን ኃጢአት አይደለም። ግን ቂሙን ከሥሩ ከትታችሁ ረስታችሁታል፣ እሱ አልረሳችሁም። ላያችሁ የጠራ ነው። ውስጣችሁ ግን ቀን ቀን እየሠራ፣ የነካችሁትን ሁሉ እያነጣ፣ ሁሉን ነገር ምልክት ያደርግባችኋል። የተቀየማችሁት ሰው ሰላም ሳይላችሁ ቢያልፍ ምልክት ነው። ሰላም ቢላችሁም ምልክት ነው። ሳቁ ምልክት፣ ዝምታው ምልክት። ለጠየቃችሁት ሁሉ አዎ የሚላችሁን ነገር አትፈሩትም እንዴ? እኔ እፈራዋለሁ። አምላክ እንዲህ ሲናገር አላውቅም፤ እሱ ብዙ ጊዜ አይደለም ይለኛል።

እና ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። እኔ ብልህ አይደለሁም፣ ያቺ ሴት ያደረገችውን ነው የምነግራችሁ። ያንን ጥያቄ መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። የእናንተ ድርሻ ትንሽ ናት? ትንሽም ብትሆን ስሟን ጥሩ። ከዚያ ወደ ሰውየው ሂዱ። ስለሱ ለሁሉም ተናግራችኋል፤ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለኔም ጭምር። ከሱ ጋር ብቻ ነው ያልተነጋገራችሁት።

ምናልባት ዛሬ እዚሁ አለ። በወንዶች በር በኩል ሲገባ አይታችሁት ፊታችሁን አዙራችሁ ይሆናል። አሁን ስንወጣ ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያጠልቅ ታገኙታላችሁ። አትለፉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና ራሱን ጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ጠብቁት።